የእህትማማቾች ማኅበር ሦስተኛ አባል

«ለመሆኑ ልጅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትውለው?»

ጥያቄው የመጣው ከአልጋው ጫፍ ነው። ጠያቂዋ እትዬ ነበረች፤ የእናትየው ታላቅ እህት፣ ሐሙስ ከገጠር ከገባች ጀምሮ እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ እንደ ዳኛ ተሰይማ ቤቱን ስትመረምር የሰነበተችው። ልጅቷ ደብተሯን አቅፋ «ከጓደኛዬ ጋር ላጠና ነው» ብላ ስትወጣ እትዬ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች፤ ኮቴዋ ከግቢው እስኪጠፋ ጠበቀች፤ ከዚያ ጠየቀች። እናትየው የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው። «ታጠናለች» ልትል አፏን ከፈተች። ግን የጓደኛዋን ቤት አታውቅም፣ ስሟንም አታውቅም፤ ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ልጅቷ ስትመለስ ጫማዋ ላይ በሰፈራቸው የሌለ ቀይ አፈር አይታለች። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ለእርዳታ ወደ ባሏ ዞር አለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የአንዲቷን ክፍል መስኮት ያለበትን ግማሽ እሱና የስፌት መኪናው ይዘውታል፤ በቀረው ግማሽ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የደንበኞች ልብስ የተሰቀለበት ገመድና የልጅቷን አልጋ የሚጋርድ መጋረጃ እየተገፋፉ ይኖራሉ። በግድግዳው ማዶ የጎረቤት ራዲዮ ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ ራዲዮው ሲዘጋ የጎረቤቱ ባልና ሚስት ይቀጥላሉ። ልብስ ሰፊው እንደ ሁልጊዜው በከንፈሮቹ መሃል እስፒል ደርድሮ ነበር። አፉ እስፒል የያዘ ሰው አይናገርም፤ ይህ በቤቱ የታወቀ ሕግ ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ የዳነውም በእነዚህ እስፒሎች ነው። ሰሞኑን አንድ ግራጫ ጉርድ ቀሚስ ሲያጥፍ አይታው «የማን ነው?» ብትለው በጣቱ ወደ አፉ አመልክቶ ነበር ያለፈው። አሁንም ወደ አፉ አመለከተ።

«እንግዲህ ጭንቄ» አለች እትዬ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራት። «የምትውልበትን ካላወቅሽው እኔ ወስጄ አውቅልሻለሁ።»

እትዬ የመጣችው ልጅቷን ልትወስድ ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ እህቷን አዝላ ያሳደገች እሷ ናት፤ ራሷ ግን አልወለደችም። ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ የሎሚ ዛፎችና ንቦች አሏት፤ ማታ ማታ የምታወራው ከንቦቹ ጋር ነው። ልጅቷ የተወለደች ጊዜ እናትየው በደስታ ብዛት «እትዬ፣ ስታድግ ያንቺ ናት» ብላ ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲናገር ዓመት የሚያልፍ አይመስለውም። ዓመቱ አለፈ፤ ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞላት፤ እትዬም የሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሁለት መቀመጫ አስይዛ ከተፍ አለች። ላሳደገችው እህት እምቢ የሚባልበት አፍ ከየት ይመጣል? እናትየው ራሷ የልጅቷን ሻንጣ አዘጋጅታ፣ ሹራቦቹን እያጣጠፈች በየእጥፉ አልቅሳ፣ አልጋው ሥር ከተተችው። ልጅቷ ሲነገራት «እሺ» ብላ መጋረጃዋን ሳበች። ከሐሙስ ወዲህ በዚያ ቤት «ስኳሩን አቀብዪኝ» እና «መብራቱን አጥፉት» ከሚሉት ሌላ የተባለ ነገር የለም።

«በይ ልበሺ» አለች እትዬ ጃንጥላዋን አንስታ። «ልጅሽን ባታውቂያት መቼም ይህን ያህል ዘመን የኖርሽበትን ከተማ ታውቂው ይሆናል። አሳዪኝ።»

ጉድ ፈላ! እናትየው የምታውቀው ከተማ ከቤቷ እስከ ታክሲ ማቆሚያ፣ ከታክሲ ማቆሚያ እስከ ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ የኋላ በር ድረስ ያለውን ብቻ ነው። አዳራሹን ታጸዳለች። ጨለማ ሳለ ትገባለች፣ ሥራ ሲጀመር ትወጣለች። በታክሲ ስትሄድም ፊቷ ሁልጊዜ የሰው ብብት ሥር ስለሚሆን መንገዱን አይታው አታውቅም። ያም ሆነ ይህ የእሁድ ልብሷን ለበሰች፤ እትዬም ቀሚሷን አራግፋ ነጠላ ጫማዋን በጠባቡ ጫማዋ ቀየረች። መንገድ ላይ እትዬ በየሱቁ ቆማ ዋጋ ጠየቀች። የሎሚ ዋጋ ስትሰማ ቆመች፣ ሳቀች፣ ደግማ ጠየቀች። «ለአንዱ ነው ወይስ ለዛፉ?»

አዳራሹ ሲደርሱ የኋላው በር በእንግዶች ምክንያት ተቆልፏል። እናትየው «እንመለስ» ብትልም እትዬ «ፊት ለፊት በር የለውም እንዴ?» ብላ ቀደመች። ፊት ለፊት አለው፤ መስታወት የሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚከፈት። ከደጁ ነጭ አውቶቡስ ቆሟል። አንገቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ሰዓቱን እያየ ሲንቆራጠጥ ቆይቶ፣ ሁለቱን ሴቶች በእሁድ ልብሳቸው ሲያያቸው እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ከሴቶች ማኅበራት ናችሁ አይደል? ምን ነካችሁ እናቶቼ! አውቶቡሱ እናንተን ነው የሚጠብቀው፤ ቶሎ ቶሎ!»

ሌላ ሰው ቢሆን «አይደለንም» ይል ነበር። እናትየው ግን በሥራዋ የተማረችው አንድ ነገር አለ፤ አንገቱ ላይ ካርድ ያለው ሰው «ይህን አንሺ» ካለ ይነሳል፣ «እዚያ ቁሚ» ካለ ይቆማል። እግሯ ከሐሳቧ ቀድሞ የአውቶቡሱን ደረጃ ወጣ።

«የት ነው የሚወስደን?» አለች እትዬ ከኋላዋ እየተሳበች።

«እንጃ።»

«እንጃ ብለሽ ትወጫለሽ?»

«ካርድ አለው እኮ እትዬ!»

አውቶቡሱ ውስጥ ቅዝቃዜ ነበር፤ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ለስላሳ ወንበር፣ በየወንበሩ አንድ አንድ ውሃ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የገጠር ሴቶች ማኅበራት ተወካዮች ነበሩ የሞሉት፤ ለስብሰባ መጥተው ዛሬ ከተማ የሚጎበኙ። እትዬ ወንበሩን በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ ፈተነችው፤ ውሃዋን ወዲያው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከጎናቸው የተቀመጠች ባለቢጫ ሻርፕ ሴት ከረሜላ ዘረጋችላቸው። ይህን ጊዜ በሩ ተዘጋ፤ ግራጫ ጉርድ ቀሚስ የለበሰች፣ ቀይ ሻርፕ ያሰረች ልጅ ማይክራፎን ይዛ ከሾፌሩ አጠገብ ብድግ አለች።

«እንደምን አደራችሁ፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን! እንኳን ወደ ዋና ከተማችን በደህና መጣችሁ። የዛሬ አስጎብኚያችሁ እኔ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ከሩቅ መጥታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ…»

ዓይኗ አራተኛው ወንበር ላይ አረፈ። አንድ ጊዜ ዋጥ አደረገች።

«…አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ጨርሶ ካልተጠበቀ ቦታ።»

እናትየው ክው አለች። ጠዋት ደብተር አቅፋ የወጣችው ልጇ ናት። ጉርድ ቀሚሱም ያ ግራጫው ነው። በከረሜላዋ ትን ልትል ምንም አልቀራትም።

«ጭንቄ» አለች እትዬ በጆሮዋ። «ያቺ…»

«ስሞትልሽ ዝም በይ!»

«እያጠናች ነዋ!»

ባለቢጫ ሻርፗ ሴት ወደነሱ ዘንበል አለች። «ልጅቷ አታምርም? እንዴት ያለ አፍ ሰጥቷታል! የማን ልጅ ትሆን?»

«እኔ እንጃ» አለች እትዬ። «እናቷ ግን ጭንቀታም ትመስለኛለች።»

እናትየውን ሳቅ ያዛት። የሚያስቅ ነገር እንደሌለ ታውቃለች፤ ልጇ ዋሽታታለች፣ እሷ ያልተጋበዘችበት ገብታለች፣ ሰኞ ቀርቧል። ሳቁ ግን አልሰማትም፤ ከሆዷ ተነስቶ ትከሻዋን ይንጣት ጀመር። መጋረጃው ውስጥ ፊቷን ቀበረች። እትዬም ታፍና ቆይታ እንደ ፈላ ጀበና ትፍ አለች። ሁለቱ እህትማማቾች እንዲህ የሳቁት እናትየው ገና ልጅ ሳለች ነበር።

አውቶቡሱ ተነሳ፤ ከተማውም መጣ። «ይህ አደባባይ አምስት መንገድ ያገናኛል» አለች ልጅቷ። «እንግዶች ‹መብራቱ አይሠራም ወይ?› ይሉኛል። ይሠራል፤ ሾፌሮቻችን ናቸው ምክር የሚመስላቸው።» ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሴቶቹ አጨበጨቡ። በድልድይ ላይ የሚሄደውን ባቡር አሳየቻቸው። «በሰዓቱ ነው የሚመጣው። ሕዝቡ ግን ገና አላመነውም፤ አሁንም እየሮጠ ነው የሚይዘው።» አዳዲሶቹን የመስታወት ፎቆች አሳየቻቸው፤ ከሥራቸው የተጠለሉትን የጫማ ጠጋኞች፣ የስልክ ሽፋን ሻጮች፣ ቆመው ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች አሳየቻቸው። ድሮ ወንዙ ምን ይሸት እንደነበረ አፍንጫዋን ይዛ ነገረቻቸው፤ አሁን ዳር ዳሩ ሣር ተተክሎ ወጣቶች ለመተያየት ይቀመጡበታል፤ «ሣሩን ግን ማንም አያየውም» አለች። እናትየው ሳቋን ጨርሳ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ነበር። እዚህ ሁሉ አልፋለች፤ በየቀኑ፣ በጨለማ፣ በሰው ብብት ሥር። ለካ ከተማው ይህን ያህል ሰፊ ነው! ለካ አደባባዩ መሃል ዛፍ አለ! ደግሞ እያንዳንዱን ነገር የምትነግራት ያቺ ቤት ውስጥ «እሺ» እና «እምቢ» ብቻ የምትናገር ልጇ ናት። በማይክራፎን ስትናገር ድምፅዋ ወፍራም ነው። እጇን ስትዘረጋ የእትዬን እጅ ይመስላል።

ዞረው በትልቁ አዳራሽ በኩል ሲመለሱ ልጅቷ ሾፌሩን «ቀስ» አለችው።

«የተነሳንበት ሕንጻ ይህ ነው። ማን እንደሠራውና መቼ እንደተመረቀ በሩ ላይ ተጽፏል። ያልተጻፈውን እኔ ልንገራችሁ። ጎህ ሳይቀድ ሴቶች በኋላ በር ይገባሉ። ወለሉን የሚወለውሉት ከመድረኩ ጀምረው ወደ በሩ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው፤ የራሳቸውን ዱካ ላለመተው። ሲደርቅ የጣሪያው መብራት ሁሉ ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ በኮከብ ላይ የቆማችሁ ነው የሚመስላችሁ። ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው አንዴ ያዩትና ይወጣሉ። ከዚያ እኛ በጫማችን እንገባለን።»

 እናትየው ይህን ነገር የነገረቻት አንድ ማታ፣ ድንች እየላጠች ነበር። ልጅቷ ያኔ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታ ነበር። አልሰማችም ብላ አረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ነበር የተወችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እትዬ ቦርሳዋን ከፍታ ያስቀመጠችውን ውሃ አወጣችና ለእህቷ ሰጠቻት።

የመጨረሻው ማረፊያ ከተማው ከላይ የሚታይበት ኮረብታ ነበር። እናትየው ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ከተማውን ሳይሆን መሬቱን ነው፤ ቀይ አፈር። ጫማዋን አየች፤ ቀላ። «እሰይ» አለች ለራሷ፤ እንዲህ የሚያስደስት ቆሻሻ አይታ አታውቅም። ተወካዮቹ ተሰብስበው ፎቶ ሲነሡ እሷ ጥግ ይዛ ቤቷን ትፈልግ ጀመር፤ ከጣሪያ ብዛት ዓይኗ ዞረ። አንድ ሰው ከጎኗ ቆመ።

«ሰማያዊው የውሃ ታንከር ይታይሻል? ከሱ ወደ ግራ፤ ዝገት ያለበት ጣሪያ። እሱ ነው» አለች ልጅቷ፣ ማይክራፎኑን ደረቷ ላይ ሰክታ። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ «እማዬ፣ አትቆጪኝ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ አውቶቡሱ ይገለበጣል ትያለሽ።»

«ይገለበጣል እኮ!»

«እማዬ!»

«እሺ፤ አልተገለበጠም» አለች እናትየው።

ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱ ግን ባለካርዱ ሰውዬ በየወንበሩ እየዞረ ለእያንዳንዷ ተወካይ የደረት ምልክት ያድል ነበር። አራተኛው ወንበር ጋ ደረሰና ቆመ።

«እናቴ፣ እርስዎ ከየትኛው ማኅበር ነዎት?»

እናትየው ወደ በሩ አየች። እትዬ ግን ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ከእህትማማቾች ማኅበር።»

«እህትማማቾች… ስንት አባል አላችሁ?»

«ሁለት። ሦስተኛዋን ልንመለምል ነው የመጣነው።»

ሰውዬው ግንባሩን ቋጠረ። «እንዲህ የሚባል ማኅበር እኛ ዘንድ አልተመዘገበም።»

«እናቴና አክስቴ ናቸው!»

ልጅቷ ይህን ያለችው ለሰውዬው ብቻ ነበር፤ ማይክራፎኑ ግን አልተዘጋም ነበርና ከአውቶቡሱ ጣሪያ፣ ከፊትም ከኋላም፣ «እናቴና አክስቴ ናቸው!» ሲል ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞረ። የሰውዬው ፊት ጠቆረ።

«ዘመድ በአውቶቡሱ ማስገባት ከሥራ እንደሚያስወጣ ታውቂያለሽ? የፈረምሽበት ነው!»

ያኔ እናትየው ሳታስበው ቆመች። ካርድ ካንጠለጠለ ሰው ፊት ያለ ትእዛዝ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። 

«ጌታዬ፣ እሷ አይደለችም ያስገባችን። ያስገቡን እርስዎ ነዎት። ‹ቶሎ ቶሎ› ብለው።»

 ሰውዬው አፉን ከፈተ፣ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ትዝ አለው። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዷ ተወካይ «እውነቷን ነው፤ እኔ እንኳ በመስኮት አይቻለሁ፤ ሊሸከማቸው ምንም አልቀረው!» ስትል ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ። በዚያው መሃል ስልኩ ጮኸ፤ ከሆቴሉ ነበር። ሁለት ተወካዮች እንቅልፍ ጥሏቸው አሁን ገና መነሳታቸው ነው፤ «አውቶቡሱ የት ደረሰ?» ይላሉ። ሰውዬው ስልኩን ዘጋ፤ በእጁ የቀሩትን ሁለት የደረት ምልክቶች አየ፤ ለሁለቱ እህትማማቾች ሰጣቸውና ልጅቷን «ሥራሽን ቀጥዪ» ብሏት ሄዶ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠ። ባለቢጫ ሻርፗ ሴት የእናትየውን ጉልበት መታ አደረገች። «እኔን ‹እንጃ› አላችሁኝ አይደል? ከረሜላዬን መልሱ!»

ቤት ሲገቡ ልብስ ሰፊው እስፒሉን እንደያዘ ነበር። ሦስት ሴቶች በአንድ ጊዜ እያወሩ፣ እየተቋረጡ፣ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ እየጨረሰች ሲገቡ መኪናውን አቆመ። እናትየው የልጅቷን ጉርድ ቀሚስ ጫፍ ያዘችና ስፌቱን ገልብጣ አሳየችው። ልብስ ሰፊው ጣቱን ወደ አፉ ሊያነሳ ሲል እትዬ «እንዳትሞክራት!» አለችው። አንድ በአንድ አወጣቸው፤ እስፒሎቹን መርፌ መሰኪያው ላይ ተከላቸው።

«ወገቡ ሰፍቷት ነበር» አለ። «አጠበብኩላት።»

ይኸው ነበር የተናገረው። በግድግዳው ማዶ ያለው ራዲዮ እንኳ ለመስማት ዝም ያለ መሰለ።

እሁድን ሙሉ ስለ ሰኞ ማንም አላነሳም። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የደረት ምልክቷን ታገላብጥ ነበር። መሸትሸት ሲል እንዲህ አለች፦ «እኔ መቼም ባዶ እጄን አልመለስም። ለጎረቤት ሁሉ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ። አልጋ አንጥፌያለሁ። ሁለት መቀመጫ ተይዟል።» ልጅቷ መጋረጃዋን ልትስብ እጇን ዘርግታ ቆመች። እናትየው የታጠበ ብርጭቆ አነሳች። እትዬም ጃንጥላዋን ወደ ብርጭቆው ቀሰረችው። «አስቀምጪው እሱን! ይህቺ ልጅ ቅዳሜ የት እንደምትውል አወቅን፤ ሥራ አላት። አንቺ ግን ከወጣሽ ወዲህ ያሳደግሁሽበትን ቤት ጣሪያውን አይተሽ ታውቂያለሽ? አውቶቡስ ይገለበጣል እያልሽ! በይ ሁለት ሳምንት አስጎበኝሻለሁ። ማይክራፎን የለኝም እንጂ እኔም አፍ አለኝ።»

«ሥራዬስ?» አለች እናትየው። «ቤቱስ? እሷስ ብትታመም? እሱስ ምን ይበላል?»

 ከዚያ ከመስኮቱ በኩል ድምፅ መጣ። አፉ ባዶ ነበር።

«ፈቃድ ወስደሽ አታውቂም» አለ ልብስ ሰፊው። «ሂጂ።»

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራው በሰው ተጨናንቆ ነበር። እናትየው በመስኮት አንገቷን አውጥታ ምድጃውን ስለማጥፋት፣ በሩን ሁለቴ ስለመቆለፍ፣ ዝናብ ከመጣ ሹራብ ስለመልበስ ተናገረች፤ ሹራቦቹ ሁሉ ሻንጣው ውስጥ እንደሆኑ ትዝ ሲላት ራሷ ሳቀች። ልጅቷ መዳፏን እንደ ማይክራፎን አፏ ላይ አድርጋ «የተከበሩ እንግዳችን፣ በስተቀኝዎ የሚታዩት ልጅዎ ናቸው» አለቻት። እትዬ «ዝጊው መስኮቱን፣ ብርድ ገባ!» እያለች ከጎኗ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ለልጅቷ የተዘጋጀውን ሻንጣ ጭኗ ላይ አቅፋ እናቷ ሄደች፤ ልጅቷ ቀረች።